በጭስ የቆጠርኩት ሰፈር

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ የመጀመሪያ ልጄ ደግሞ አልተወለደችም። ከዚህ የበለጠ ጠጋ አድርጌ ልናገር ብል መዋሸት ይሆንብኛል። ወሩን ግን አውቀዋለሁ፤ ረመዳን ነበር። ረመዳን መሆኑን ያን ጊዜም አላጣሁትም፤ ጎረቤቶቼ እየጾሙ እንዴት አጣዋለሁ? ከእኔ ሥራ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ግን ዘግይቶ ነው የገባኝ።

ኮልፌ ያን ጊዜ ከተማም ገጠርም አልነበረችም። ከመርካቶ የሚመጣው መንገድ እየጠበበና እየተቦረቦረ መጥቶ አጠና ከሚሸጥበት ሜዳ ሲደርስ የጨረሰ ይመስላል። አውቶቡሱም ከዚያ በላይ አይሞክርም፤ ሜዳው ላይ ይዞርና ሰውን አራግፎ ይመለሳል። ከፌርማታው ወዲያ ያለው በእግር ነው። ቆም ብሎ ለሚያይ በሰሜን የእንጦጦ ጋራ፣ በምዕራብ ወጨጫ፣ በመካከሉ ባሕር ዛፍ፣ የጤፍና የሽምብራ ማሳ፣ እዚህም እዚያም ደግሞ አዲስ የተመታ ቆርቆሮ ሲያብረቀርቅ ይታያል። ዛሬ ዓለም ባንክ የሚባለው፣ ታክሲው ረዳቱ እየጮኸ የሚጭንበት አገር፣ ያን ጊዜ ከብት የሚሰማራበት ነበር። ወደ ዘነበወርቅ የሚሄድ ሰው በክረምት ሱሪውን ሰብስቦ ነበር ወንዝ የሚሻገረው።

እኛ ያለንበት ሰፈር በመንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ከመንገዱ በላይ ዳገቱን ተከትሎ የሚወጣው ላይኛው ሰፈር ነው። እዚያ አብዛኞቻችን ከጎጃም፣ ከመንዝና ከቡልጋ የመጣን ነበርን፤ ዘበኛ፣ አናጢ፣ ግንበኛ፣ ጡረታ የወጣ ወታደር። እሑድ ጠዋት ነጠላችንን አጣፍተን ወደ ቀራንዮ ቤተ ክርስቲያን የምንሄድ ሰዎች። ከመንገዱ በታች ወደ ወንዙ የሚወርደው ታችኛው ሰፈር ደግሞ አብዛኛው ሙስሊም ነው። ከጉራጌ አገር፣ ከስልጤ፣ ከወሎም ከጅማም የመጡ፤ መርካቶ ሱቅ ያላቸው፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ቆዳ ነጋዴዎች፣ ሥጋ ቤት ያለው አንድ ሰውም ነበረ። ከሁላችን በፊት የነበሩት የኦሮሞ ገበሬዎች ናቸው፤ እነሱ ከማሳቸው ዳር ሆነው ወተትና እንጨት ይሸጡልናል፣ በየወሩ አንድ አዲስ ቤት ሲበቅልም ዝም ብለው ያያሉ። መሬቱ የባላባት ነው፤ ሰው ከባላባቱ ትንሽ ትንሽ እየቆረሰ ይገዛል፣ አጠናውን ከሜዳው ተሸክሞ ይመጣል፣ ጭቃውን ያቦካል፣ በሁለት ሳምንት ቤት ይሆናል። እኔም እንደዚሁ ነው የሠራሁት።

ያልነበረን ውሃ ነው። ከወንዙ ማዶ አንዲት ምንጭ አለች፤ ለላይኛውም ለታችኛውም ሰፈር የነበረችው እሷ ብቻ ናት። ከእኔ ቤት ወርዶ፣ ተሻግሮ፣ እንስራውን አዝሎ መመለስ የግማሽ ጠዋት ሥራ ነው። በዚያ ላይ በበጋ ትቀጥናለች። ባለቤቴ ያን ጊዜ እርጉዝ ነበረች። እንስራውን ስታወርድ የምታወጣው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

እንግዲህ በዚህ መካከል ነው ቦኖ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚቀዳበት የውሃ ቧንቧ፣ ሊገባ ነው የሚለው ወሬ የመጣው። ከመሥሪያ ቤት አንድ ቀያሽ ተላከ። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ጫማውን ከጭቃው ለማዳን ሲዘል የሚውል ወጣት ነው። በሦስት እግር የሚቆም ማያ መሣሪያ ነበረው፤ በሱ እያየ መንገዱን፣ ወንዙን፣ ዳገቱን በወረቀት ላይ ያሰፍራል። ሜትር የሚጎትትለትና ቀይና ነጭ የተቀባውን ዘንግ የሚይዝለት ሰው ሲፈልግ እኔን አገኘ። በዕለት ተቀጠርኩ።

ሥራው ደስ ይለኝ ነበር። የምኖርበትን ቦታ ሌላ ሰው በወረቀት ላይ ሲያወጣው ማየት የሚገርም ነገር ነው። ወንዛችን ጠመዝማዛ መስመር ሆነ፣ የአጠናው ሜዳ ክብ ሆነ። «እኛስ የት ነን?» ብዬ ጠየቅሁት አንድ ቀን።

«እናንተማ ገና አልገባችሁም» አለኝ። «ቀጥሎ ቤት መቁጠር ነው። ለጊዜው የሚገባው አንድ ቦኖ ብቻ ነው። ሰው የበዛበት ጋ ይሆናል። አንተ አገሩን ታውቀዋለህ፤ ላይኛው ስንት ቤት፣ ታችኛው ስንት ቤት ሰው ይኖርበታል፣ ቆጥረህ ንገረኝ። እኔ እስከዚያ የወንዙን ማዶ ልጨርስ።»

እኔ ከፊደል አልፌ ዳዊት ሳልደግም ነው ከአገሬ የወጣሁት። መቁጠር ግን እችላለሁ። በዚያ ላይ ቆጠራ እንዴት እንደሚደረግ አገሬ አይቻለሁ። ቤት ተሠርቶ ባዶውን የሚቀመጥ ብዙ ነው፤ አሮጌ ጎጆ፣ ጎተራ፣ የከብት ቤት አለ፤ ከሩቅ ሁሉም አንድ ነው የሚመስለው። ስለዚህ የእኛ አገር ጭቃ ሹም በማለዳ ጉብታ ላይ ይወጣና ጭሱን ይቆጥራል። ጭስ የወጣበት ቤት ሰው አለበት፤ ያልወጣበት ኦና ነው። አባቴም ሲቆጠር በጭስ ነው የተቆጠረው። ማንም «ስንት ነህ? ልጆችህ ስንት ናቸው?» ብሎ ደጃፉ ላይ አልቆመበትም። ጨዋ አቆጣጠር ነው።

እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ቤቴ ዳገቱ ላይ ስለነበር ከበራፌ ፊት ለፊት ያለችው ጉብታ ላይ ስቆም ሁለቱም ሰፈር ይታየኛል። ሦስት ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ እዚያ ላይ ቆምኩ። ላይኛው ሰፈር ከየጣሪያው ያጨሳል። ታችኛው ሰፈር ላይ ጭስ የወጣው ከሰባት ቤት ነው። በሁለተኛውም ቀን ሰባት፣ በሦስተኛውም ሰባት። ቤቱ ብዙ እንደሆነ አያለሁ፤ ግን መርካቶ ያሉት ነጋዴዎች ለኪራይ ሠርተው ትተውት ይሆናል አልኩ። ሦስት ቀን አንድ ቁጥር ስለመጣልኝ ደግሞ ኮራሁ። ለቀያሹ ነገርኩት፤ ወረቀቱ ላይ ጻፈው። በማግስቱ ላይኛው ሰፈር መካከል፣ ከእኔ ቤት የድንጋይ ውርወራ የሚያህል ቦታ ላይ፣ ቀይ የተቀባ ችካል ተከልን። ቦኖው የሚቆምበት ነው። መዶሻውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ባለቤቴ ማታ ወጥታ ችካሉን አየችውና ተመለሰች። እንስራዋን በሩ ሥር አስጠግታ አስቀመጠችው፣ ነገ ውሃው የሚመጣ ይመስል።

ችካሉ በተተከለ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በሥጋ ቤቱ በኩል ሳልፍ ባለሥጋ ቤቱ ቢላውን እየሳለ ጠራኝ። ትልቅ ድምፅ ያለው፣ ሲቀልድም ሲቆጣም አንድ የሚመስል ሰው ነው።

«አንተ ቆጣሪ! ና እስቲ። ቀያሹን ጠይቄው ነበር። ታች ሰፈር ሰባት ቤት ነው አሉ?»

«አዎ፣ ሰባት ነው የወጣልኝ» አልኩት።

«ሰባት!» አለ። ወደ ኋላው ዞሮ ተራ ለሚጠብቁት ሴቶች «ሰማችሁ? ሰባት ነን! ታዲያ ይህን ሁሉ ሥጋ ማነው የሚበላው? ጅቡ ነው?» አላቸው። ሴቶቹ ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም። «በምንድነው የቆጠርከው?»

«በጭስ ነዋ። ሦስት ጠዋት ቆሜ።»

ቢላውን መሳሉን አቆመ። «ጠዋት» አለ። «በረመዳን፣ ጠዋት፣ እኛ ቤት ጭስ ፈለግህ።»

እዚያው የቆምኩበት ቦታ ላይ ነው የገባኝ። ሰው ጾሞ ሳለ ጠዋት እሳት ለምን ያነዳል? ከንጋት በፊት በልተው እሳቱን አጥፍተውታል፤ ደግሞ የሚያነዱት ወደ ማታ ነው። አሁንም እኮ ሴቶቹ ሥጋ የሚገዙት ለዚያ ነበር። ሰባቱ ጭስ ታች ሰፈር የሚኖሩ የክርስቲያን ቤቶች ነበሩ። የተቀረውን ሰው ሁሉ ኦና ቤት ብዬ ለመንግሥት አስጽፌዋለሁ።

«እኔ አላሰብኩትም» አልኩ። «በመድኃኔዓለም፣ አላሰብኩትም።»

«ችካሉ ግን ደጃፍህ ላይ ነው የተተከለው» አለኝ። ድምፁን ቀንሶ ነበር፤ ሲቀንሰው ይብሳል። «ማን ያምንሃል?»

እውነቱን ነው። ማንም አያምነኝም። ሰፈሩ ገና መቀላቀሉ ነው፤ ሰው ከየአገሩ መጥቶ ማን ምን እንደሆነ ገና እየተጠናና ነው። እኔ የላይኛው ሰፈር ክርስቲያን ነኝ፣ ታችኛውን ሰፈር ሰባት ቤት ብዬ ቆጥሬ ቦኖውን ከቤቴ አጠገብ አስተክያለሁ፣ ሚስቴ እርጉዝ ናት። ሌላ ሰው ቢያደርገው ኖሮ እኔም ሆን ብሎ ነው እል ነበር። እዚያ ሰፈር ዕድሜዬን ሙሉ ልኖር ነው የመጣሁት፤ በሌባ ቆጣሪነት መኖር ደግሞ ውሃ ከማጣት ይከፋል።

ወደ ቀያሹ ሄጄ ነገርኩት። ወረቀቱን እየጠቀለለ ነበር። ሰምቶ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀና ዓይኑን አሸ።

«አንተ ሰው፣ ምን አደረግኸኝ? ዓርብ ጠዋት ላስረክብ ነው።»

«እንደገና ልቁጠር ጌታዬ። ዛሬ ማክሰኞ ነው።»

«ቁጠር። ግን አሁን በጭስ አይሆንም። ሰው ቁጠር፤ ትልቁንም ትንሹንም፣ በሁለቱም ሰፈር። ዓርብ የማምነው ነገር ካላመጣህ ችካሉ ባለበት ይቀራል። እኔ ሌላ ጊዜ የለኝም።»

ረቡዕ በማለዳ ታች ሰፈር ወረድኩ። የመጀመሪያውን ቤት አንኳኳሁ። አንዲት ሴት ሻሿን እያስተካከለች ወጣች።

«እንደምን አደርሽ እትዬ። ስንት ልጆች አሉሽ?»

«ልጅ የለኝም» አለችኝ።

ከቀሚሷ ኋላ ሦስት ራስ ብቅ ብሎ ያየኛል። «እነዚህስ?»

«የጎረቤት ናቸው።»

ወደ ጎረቤት ሄድኩ። እዚያም አራት ልጆች ግቢው ውስጥ ይራወጣሉ፤ እናትየው የጎረቤት ናቸው አለችኝ። ሦስተኛው ቤት የነበረች አሮጊት ደግሞ ከቤቷ ማንም እንደሌለ፣ እሷም ራሷ እንግዳ እንደሆነች ነገረችኝ። በአምስተኛው ቤት በሩን ዘጉብኝ። አልፈርድባቸውም። ልጅን መቁጠር እኛም ጋ አይወደድም፤ ዓይን ይበላዋል፣ ቁጥሩ ይጎድላል ይባላል። እናቴ ስንት ልጆች እንዳሏት ስትጠየቅ «እግዜር ያውቃል» ነበር የምትለው። በዚያ ላይ ግብር ነው ብለው ይፈራሉ፤ በዚያ ላይ የሚጠይቃቸው ኦና ያላቸው ያው ሰውዬ ነው።

መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከታች አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን ይዘው ቀስ እያሉ መጡና ፊቴ ቆሙ። አውቃቸዋለሁ፤ ማን የማያውቃቸው ነበር? የሰፈሩ አዋላጅ ናቸው። ከወንዙ አፋፍ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሙስሊም ናቸው፤ ግን ላይኛው ሰፈር ምጥ የያዛት ሴት ስትኖር የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነው። ሴቶቻችን ማርያም ማርያም እያሉ ሲጮኹ እሳቸው ሥራቸውን ይሠራሉ፤ እጃቸውን ይታጠቡና ይመለሳሉ።

«ሰባት ጭስ ማለት አንተ ነህ?» አሉኝ።

ስሙ በአንድ ሌሊት ወጥቶልኝ ነበር። «እኔ ነኝ እማማ» አልኳቸው።

«ሴቶቹ ልጆቻቸውን ሁሉ ለጎረቤት አደረጉብህ አሉ።» ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ትተው ፊቴን አዩት። «ሆን ብለህ ነው ያደረግኸው?»

«አይደለም እማማ።»

«እሺ» አሉ። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። «ተነስና ሽምብራና ባቄላ አምጣልኝ፣ ጥሬውን። ሁለት ከረጢትም።»

ነገሩ አልገባኝም፤ ግን ሮጬ አመጣሁ። ሽምብራውን ከኦሮሞዎቹ ገበሬዎች፣ ባቄላውን ከቤቴ። እሳቸው ሁለቱንም በመቀነታቸው ጫፍና ጫፍ ቋጠሩት። አንዱ ከረጢት የላይኛው፣ አንዱ የታችኛው ሰፈር እንዲሆን አደረጉ። ከዚያ ልጅ የለኝም ያለችኝን የመጀመሪያዋን ሴት በር አንኳኩ።

«ሰው አንቆጥርም» አሏት። «አላህ ይጠብቃቸው፣ ማን ሰው ይቆጥራል? እህል ነው የምንቆጥረው። ለትልቅ ባቄላ፣ ለትንሽ ሽምብራ። እኔ እጥላለሁ፣ አንቺ ዝም በይ። ከተሳሳትኩ ብቻ ሳል አድርጊ።»

ሁለት ባቄላና ሦስት ሽምብራ ከረጢቱ ውስጥ ጣሉ። ሴትዮዋ ዝም አለች። ወደ ጎረቤት አለፍን።

እንዲህ ነው የቆጠርነው። ሰው ስንት ነው ብሎ የጠየቀ የለም፤ ስንት ነው ብሎ የመለሰም የለም። አዋላጇ በየበራፉ ይቆማሉ፣ ቤቱን ያያሉ፣ ከንፈራቸው ሳይንቀሳቀስ ያስባሉ፤ እዚያ ቤት የተቀበሏቸውን ልጆች፣ የሞቱትን፣ ያደጉትን፣ አግብተው የሄዱትን። ከዚያ ይጥላሉ። አንዳንዴ ሴቲቱ ትንሽ ትስላለች፤ ያን ጊዜ በእንግድነት ለመጣ ልጅ አንድ ሽምብራ ይጨምራሉ፣ ወይም ከአገር ቤት የመጣ አማች አለ ማለት ነውና አንድ ባቄላ። የሚጠፋባቸው እንግዳ ነው እንጂ ልጅ አልነበረም።

እሳቸው ይጾማሉ፤ ፀሐዩ ደግሞ ከባድ ነበር። መቀመጫ ዱካ ተሸክሜ እከተላቸዋለሁ፣ በየሦስት ቤቱ ይቀመጣሉ። እኔ ኪሴ ውስጥ የሽምብራ ቆሎ ነበረኝ። እሳቸው ፊት ለመብላት አፍሬ እጄን ኪሴ ከትቼ ስተው፣ ስከት ስተው፣ አዩኝ።

«ብላ እንጂ፣ ጾሙ የእኔ ነው» አሉኝ። «ብቻ ከከረጢቱ ጋር እንዳታቀላቅለው። በኋላ የሰው ልጅ ትቆረጥማለህ።»

ቆሎውን ከኪሴ አውጥቼ ለሚያልፍ ልጅ ሰጠሁት።

ታችኛውን ሰፈር ረቡዕ ጨረስን። የወሎ ሰዎች የት እንደሚበዙ፣ የጉራጌዎቹ ግቢ እንዴት በአንድ አጥር ውስጥ ሦስት ቤተሰብ እንደሚይዝ፣ ከልብስ ሰፊው ቤት ኋላ ማንም የማያየው ሌላ ቤት እንዳለ፣ በዚያ ቀን ነው ያወቅሁት። እዚያ አገር ሦስት ዓመት ኖሬ አላየሁትም ነበር። ከጉብታው ላይ ጣሪያ ነው የሚታየው። ኮልፌ እንዴት እንደምታድግም ያን ቀን ተማርኩ ማለት እችላለሁ። እኔ በአዲስ ቤት ብቻ የምታድግ ነበር የሚመስለኝ፤ እሷ ግን ከምትሰፋው ይልቅ ወደ ውስጥ ነበር የምትሞላው። አንድ ሰው ይመጣል፣ ወንድሙን ያስመጣል፣ ወንድሙ ሚስቱን ያስመጣል፣ አንዱ ክፍል በመጋረጃ ሁለት ይሆናል።

ሐሙስ ወደ ላይኛው ሰፈር ወጣን። እዚህ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ጎረቤቶቼ ችካሉ ሊነሳ እንደሚችል ሰምተዋል። አንዱ ጡረተኛ ወታደር አጥሩ ላይ ተደግፎ፣

«ሰውዬው፣ ውሃ ደጃፍህ ድረስ መጥቶልህ ተሸክመህ ልትመልሰው ነው?» አለኝ።

«በትክክል ካልተቆጠረ ምን ላድርግ?»

«አንተን ማን ትክክል ሁን አለህ? ሥራህ ሜትር መጎተት ነው፤ ጎትት!» ሌሎቹ ሳቁ። አንዷ ሴት ግን አልሳቀችም። «የሚስትህን ሆድ አይተህ እንኳ…» ብላ አቋረጠችው። እሱ ነው ያመመኝ።

አዋላጇ ጣልቃ አልገቡም። ሽምብራቸውን መጣል ቀጠሉ። ወታደሩ ቤት ሲደርሱ ብቻ፣ «ያንተን አምስቱንም እኔ ነኝ የተቀበልኩት፤ ስድስተኛ ልጨምርልህ እንዴ፣ ቁጥሩ እንዲያምርልህ?» አሉት። ያፈረው ወታደሩ ነው፤ ሚስቱ ከውስጥ ሆና እየሳቀች ነበር።

ወደ ማብቂያው ጉብታዬ ጋ ደረስን። አዋላጇ ዱካው ላይ ተቀመጡና ወደ በራፌ ተመለከቱ።

«ይህስ ቤት?»

«የእኔ ነው እማማ።»

«በጭሱ ጊዜ ቆጥረኸው ነበር?»

አሰብኩ። አልቆጠርኩትም። ጉብታው ላይ ቆሜ ፊቴን ወደ ሰፈሩ ሳዞር የእኔ ቤት ከኋላዬ ነበር። ሦስት ጠዋት ሙሉ ሰው ስቆጥር የራሴን ጭስ አላየሁትም። ነገርኳቸው። ምርኩዛቸውን መሬቱ ላይ መታ መታ አደረጉና፣ «ይኸው፣ ሌባ አለመሆንህ በዚህ ይታወቃል» አሉኝ። «የሚሰርቅ ሰው ከራሱ ቤት ነበር የሚጀምረው።» ሁለት ባቄላ ጣሉልን። እኔ ሽምብራ ላነሳ እጄን ስዘረጋ በምርኩዙ ጫፍ መለሱኝ። «ያልመጣ አይቆጠርም። ሲመጣ ይቆጠራል።»

ዓርብ ጠዋት አብረውኝ ወደ ቀያሹ መጡ። ሁለቱን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ፣ ካርታው ላይ አስቀመጥኩ። ፈታቸውና አየ።

«ይህ ምንድነው? ሰነድ ነው ንፍሮ?»

አስረዳሁት። እየሰማኝ ፊቱ አልተለወጠም። ቆጠረው ግን፤ አንድ በአንድ፣ ባቄላውን ለብቻ ሽምብራውን ለብቻ፣ ያችን ንጹሕ ጣቱን አቧራ እያስነካ። ድምሩን አላስታውሰውም። የማስታውሰው የታችኛው ሰፈር ክምር ከላይኛው ክምር ጎን እንዴት እንደታየ ነው፤ የእኛ ትንሽ ነበር።

«ይህን በምን አምነዋለሁ?» አለ። «ሦስት ቤት እኔ ራሴ እመርጣለሁ። ገብቼ አያለሁ።»

ከታች ሰፈር ሦስት ቤት መረጠ፤ እሳቸው እያንዳንዱ ቤት ስንት ባቄላና ስንት ሽምብራ እንደተጣለለት ነገሩት። ወረድን። ሁለቱ ቤቶች ልክ ሆኑ። ሦስተኛው ቤት ገብቶ ሲወጣ ግን ራሱን እየነቀነቀ ነው።

«እማማ፣ አራት ሽምብራ ብለውኝ ነበር። ልጆቹ አምስት ናቸው። አንዱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተኝቷል።»

አሁን አለቀ አልኩ። አዋላጇ ግን መቀነታቸውን ፈቱ፤ አንድ ሽምብራ አወጡና መዳፉ ላይ አኖሩለት።

«እኛ ረቡዕ ነው እዚህ ያለፍነው፤ እሱ የመጣው ትናንት ማታ ነው» አሉት። «ሰፈሩ አያልቅም፣ ጌታዬ። አንተ ስትጽፍ እሱ ይጨምራል።»

ቀያሹ ሽምብራዋን ትንሽ ይዟት ቆመ። ከዚያ ኪሱ ከተታት። ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ ላይኛው ሰፈር ላይ የነበረውን ምልክት ፋቀ። አዲሱ ችካል የተተከለው ከመንገዱ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ከሥጋ ቤቱ አለፍ ብሎ ነው። አሁንም መዶሻውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ባለሥጋ ቤቱ ደጃፉ ላይ ቆሞ ያይ ነበር፤ ስጨርስ የውሃ ጣሳውን ጠቆመኝ፣ እጄን እንድታጠብ። እሱ ራሱ የማይጠጣውን ውሃ አፈሰሰልኝ።

ቤቴ ስመለስ ባለቤቴ እንስራውን ከበሩ ሥር አንስታ ወደ ጓዳ መልሳዋለች። ሁለት ቀን በቅጡ አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን «ከምንጩ ይቀርባል አይደል?» አለችኝ። «በጣም» አልኳት። እርቁ ያ ነበር። ጎረቤቶቼም ጥቂት ጊዜ አኩርፈው ነበር፤ ቦኖው መጥቶ ከቤታቸው እስከ መንገዱ ብቻ ሲወርዱ ረሱት።

ቦኖው የቆመው ከክረምቱ በኋላ ነው። የመጀመሪያ ቀን የተሰለፈው እንስራና ጣሳ ከሥጋ ቤቱ እስከ አጠናው ሜዳ ይደርስ ነበር፤ የላዩም የታቹም ተቀላቅሎ። ባለሥጋ ቤቱ ከሰልፉ መካከል «ሰባት ጭስ! ና እስቲ፣ ይህን ሰልፍ ቁጠርልኝ፣ ኦና እንስራ እንዳለበት!» ብሎ ጮኸብኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በዚያ ስም የተቆጣሁበት ቀን አላውቅም፤ ከቀሩት እኩዮቼ እስከ ዛሬ በዚሁ የሚጠሩኝ አሉ። ሌባ ብሎ የጠራኝ ግን የለም።

አሁን ያ አገር የት እንደነበር ለማሳየት እቸገራለሁ። ጉብታዬ ተቆርጦ ፎቅ ሆኗል። ከመስኮቴ ጭስ አይታይም፣ ማንም በጭስ አይቆጠርም። ልጄ በዚያው ዓመት ተወለደች፤ ዛሬ እሷም ሴት አያት ሆናለች። ከዚያ ነገር ማን አወጣህ ካላችሁኝ፣ ቀያሹ አይደለም፣ የእኔም መናዘዝ አይደለም። ከወንዙ አፋፍ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩት፣ ጾማቸውን ይዘው ሁለት ቀን በፀሐይ ከእኔ ጋር የዞሩት አዋላጇ ናቸው። ልጄንም የተቀበሏት እሳቸው ናቸው።